ቃል አስታዋሹ

ቀሃ ማዶ ካለው አሮጌ ትምህርት ቤት
የኪነት ክበብ ነን፣ እሷም እኔም ያኔ፤
መድረኩ የሳንቃ፣ መጋረጃው ሸራ፣
ፊት ለፊት ውዲቱ፣ ከጀርባዋ እኔ።

ቃል የጠፋት ለታ ነው የኔ ሥራ፤
በሸራው ቀዳዳ ድምፄን አሾልኬ
«በሩን ዝጉት» ስላት፣ «በሩን ዝጉት!» ትላለች፤
አዳራሹ ይርዳል።
እኔ ተንበርክኬ።

ከዚያ ሄደች።
በሌሊት አውቶቡስ፣ ካውቶ ፓርኮ ተነስታ፣
ባንድ ሻንጣ፣ በናቷ ጋቢ፣ በተዋሰችው ጫማ፤
እኔ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሆኜ ቀረሁ፣
ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ በዚሁ ከተማ።

መጀመሪያ ያየኋት የቤት ሠራተኛ ሆና፤
ትሪ ይዛ ገባች፣ «አቤት» ብላ ወጣች።
አንድ ቃል።
እናቷ እትዬ አንጓች ግን ሰፈሩን ሰብስባ
«አያችኋት?» አለች፤
ላላዩትም ሳይቀር ጠላ አጠጣች።

ከዚያ ነርስ ሆነች። ከዚያ የባንክ ጸሐፊ።
ከዚያ ለስድስት ክፍል ዓይነ ስውር፤
እኔም ፊቷን ጉንዳን ወሮት ሲመጣ
ጉንዳኑን ሳራግፍ እውላለሁ፣ ከሰው ዕቃ ሥር።

ያገነናት ግን ክፋት ነው።
ምራቷን በወተት መርዛ የገደለች አማት!
ሐሙስ ማታ እስከ አዘዞ መንገዱ ጭር ይላል፤
ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ይረግማታል፣
ደግሞም አንድ ክፍል እንዲያመልጠው አይሻም፣ ወዷት።

ለፋሲካ መጥታ ቅዳሜ ገበያ ብትወርድ
በርበሬ ሻጯ ሚዛኗን ገለበጠች፦
«ላንቺስ አልሸጥም! ያቺ የሰው ልጅ ምን አደረገችሽ?»
ገርሟት ሳቀች ውዲቱ።
«አየሽ!» አለች ሴትዮዋ፣
«ወተቱን ስትሰጫትም እንዲሁ ነበር የሳቅሽ።»

ገና ሠላሳ ሳትሞላ
ፀጉሯ ላይ አመድ ነስንሰው አማት አደረጓት፤
እውነተኛው ሽበት ሲመጣ
«አረጀሽ» ብለው ተዉዋት።
አሁን ሌላ ልጅ ናት፣ አመድ የሚነሰነስላት።

እትዬ አንጓች ያረፈች ቀን ሐምሌ ነው፣ ዶፍ ነው፤
ቀሃ ኢየሱስ ግቢው ጥላ በጥላ ሆኖ፣
ለቀስተኛው ሬሳውን ትቶ እሷን ያያል፤
ስልክ ተደገነ፣ ውሃ እንዳይነካው በነጠላ ተሸፍኖ።

«ታለቅስ ይሆን?»
«እሷማ ታውቅበታለች።»
ውዲቱ ሰማች።
እንባዋን ዋጠች፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

ከቀብር መልስ፣ ንፍሮው ሳይዳረስ፣ ወሬው ተዳረሰ፦
«ለሰው እናት ወንዝ ነበረች፤
ለራሷ ግን ጠብታ እንኳ አልፈሰሰ።»

በሦስተኛው ማታ፣ ሱቄን ልዘጋ ስል፣
ባጃጅ ቆመ።
የናቷን ቴሌቪዥን፣ ያንን ሆዳሙን፣ ባለ ጎባጣውን፣
እንደ ሕፃን ታቅፋ ገባች።
«ይሠራል?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለች።

አውቀዋለሁ፤ ሦስቴ ፈትቼዋለሁ።
ብርሃን አቀረብኩ።
መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ አለ፣ የቅቤ እጅ፣
የሐሙስ ሐሙስ፣ ተደራርቦ የደረቀ፣
ልክ ጉንጯ የሚመጣበት ቦታ።
ጨርቄን አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።
እሷም አየችው፤
አፏን ከፈተች፣ ቃል ጠፋት።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ
አፏ ላይ ቃል ሲያስቀምጡላት የኖሩ
ደራሲዎች፣ አዘጋጆች፣
አንዳቸውም እዚያ አልነበሩ።

ዞርኩ፣ ከዕቃው ጀርባ። ጉልበቴ ዛሬ ይንቋቋል፤ ቢሆንም ተንበረከኩ።
«እማዬ» አልኩ፣ በሹክሹክታ።
ዝም።
«እማዬ በይ።»

አለች።
የቆርቆሮው በር እስኪርገበገብ አለች።

ጠዋት ፎቶ ቤቱ ጠየቀኝ፦
«ማታ የቱ ጣቢያ ነበር? እንዴት ያለ ድራማ ነው?»
«ጣቢያ አይደለም» አልኩት፣ በሬን ወደ ላይ ስገፋ፣
«የሚጠገን ዕቃ ነው።»